ለዳይስ ማን ይምላል?

«ዳይስ ትናንትን አያስታውስም» ነው ያልከኝ? እኮ! እሱን አይደል እንዴ የምልህ! ደሴ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እግርህን አንፈራጠህ፣ «ግዛቸው፣ ሰባት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሊወጣ ይችላል፣ ዳይስ ትናንት ማንን እንዳወጣ አያስታውስም፣ ተራ ሒሳብ ነው» ብለህ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ትልክልኛለህ። ተራ ሒሳብ! የኔ ወንድም፣ እኔን አንገቴን የያዙኝ አሥራ አንድ ባለ በቅሎዎች ናቸው እንጂ የሒሳብ አስተማሪ አይደለም። ትናንትን የማያስታውስ ፍጡር እኛ አገር ምን እንደሚባል ረሳኸው? ከሃዲ ነው የሚባለው።

ደግሞ ስማኝ ዳዊት፣ ይሄን ቮይስ ላንተ ብቻ አልልክም። ግሩፑ ላይ ነው የምለቀው። የሚያውቀውም የማያውቀውም ይስማ፤ ከሥር ከመሠረቱ ነው የማወራው፤ የቸኮለ ሰው ፍጥነቱን ጨምሮ ይስማኝ። የሚጮኸው ንፋሱ ነው፣ ይቅርታ። የሚንኮሻኮሸው ደግሞ በቅሎዬ ዳማ ናት፤ ልጓሟን እያኘከች ነው፤ እሷም ተናዳለች።

እና እናንተ፣ እጣ ማለት ለኛ ምን እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ወንድማማች የአባቱን መሬት ሲካፈል በእጣ ነው። ቅርጫ ሲታረድ፣ ሥጋው እኩል ተመድቦ ተመድቦ ሲያበቃ፣ «የዚያኛው መደብ ሻኛው ይበልጣል» የሚለውን ዐይን የሚያሳፍረው እጣ ነው። በሽማግሌ ያልተፈታ፣ በዳኛ ያልተፈታ፣ በግልምጫ ያልተፈታ ነገር እጣ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። እጣ ወጥቶ ያጉረመረምክ እንደሆነ የተጣላኸው ከሰው ሳይሆን ከላይ ካለው ጋር ነው፤ ከሱ ጋር ደግሞ ማን ይጣላል? ስለዚህ ሰው ዝም ይላል። ዝም የሚለው ግን ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዛሬ ያልደረሰው ነገ እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ሳልላት ነው ጉድ የሆንኩት።

የኛ ማኅበር እንዲህ ነበር የሚሠራው። ወደ አሸተን ማርያም ሽቅብ የሚወጣ እንግዳ መጥቶ በቅሎ ሲፈልግ፣ አሥራ ሁለታችን ወይራው ሥር እንሰበሰባለን። እንግዳ ዘንድሮ እንደ ድሮ አይደለም፣ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ብቅ ሲል አሥራ ሁለት በቅሎ ጆሮዋን ታቆማለች። እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ያዋጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ባቄላ። ሊቀመንበራችን አያ ሲሳይ ባርኔጣቸው ውስጥ ይከቱትና ያናውጡታል፤ ከዚያ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አንዷን ያወጣል። የወጣለት ኮርቻውን ይጭናል። የወጣችው ምልክት ደግሞ፣ ባርኔጣው ባዶ እስኪሆን ድረስ ተመልሳ አትገባም። ሁሉም ከወጣ በኋላ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ይሄን ማንም ለማንም ነግሮት አያውቅም። መተንፈስን ማን ያስተምራል?

ታዲያ ለምን ለወጥከው በሉኛ። በአያ ጌጡ ምክንያት ነዋ! አያ ጌጡ ጠጠራቸውን ከማስገባታቸው በፊት ብብታቸው ሥር ያሞቋታል። እንዴት ያለች ብልሃት መሰለቻችሁ! ጠዋት በዚያ ቁር፣ መንገደኛው እጁን ባርኔጣው ውስጥ ሲያስገባ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ እንደ ቆሎ ሞቃ ትጠብቀዋለች። ብርድ የመታው እጅ ምን ያድርግ? ወደ ሙቀት ይሄዳል። እኝህ ሰውዬ ስንት ዙር ቀዳሚ እንደሆኑ አንድ አምላክ ነው የሚያውቀው። የተነቃባቸው ቀን ምን የተደረጉ ይመስላችኋል? ተሳቀ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «አዬ አያ ጌጡ፣ እንቁላል ቢሆን ኖሮ ይፈለፈል ነበር!» ተባለና በዚያው አለቀ። ማንም «ይማሉ» አላላቸውም። ማንም «ቦታዎን ይልቀቁ» አላላቸውም።

እኔ ግን ወጣት ነኛ። የተማርኩ ነኛ። ስልክ የያዝኩ ነኛ። ሳቁ ሳያልቅ ብድግ ብዬ «ከዚህ ወዲያ የማይሞቅ፣ የማይበርድ እጣ አለኝ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ቦቱን የማታውቁት እንደሆነ፣ ዳዊት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ካመጣው ጨዋታ ጋር የመጣ ነገር ነው። የሰው ልጅ ዲግሪ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ዲግሪውን ከነጨዋታው ይዞ መጣ። አራት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ ይተርካል፣ እሱ ዳዊት ነው፤ ሌሎቻችን በትረካው ውስጥ አንዳንድ ሰው እንሆናለን። እኔ አሞሌ ጨው ጭኖ አገር ላገር የሚዞር ነጋዴ ነበርኩ። «ገደሉን ልዝለል» ስትል፣ መዝለልህንና መውደቅህን የሚወስነው ዳይስ ነው። የሉዶው ባለ ስድስት ፊት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ባለ ስምንት አለ፣ ባለ አሥራ ሁለት አለ፣ ባለ ሃያም አለ። ትልቅ ቁጥር ከወጣልህ ተሻገርክ፤ አንድ ከወጣብህ ነፍስ ይማር። ኋላ ዳዊት ሥራ አግኝቶ ደሴ ሲገባ ጨዋታው ወደ ስልክ ዞረ። ስልክ ላይ ደግሞ ሁሉም ዳይሱን ቤቱ ጥሎ የወጣለትን ይጽፋል፤ በእግዚአብሔር ተአምር ሁላችንም በየቀኑ ሃያ እናወጣ ጀመር። ስለዚህ ዳዊት ቦት ሠራ። ግሩፑ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚኖር፣ ሰው ያልሆነ ነገር ነው። «ጣል 20» ብለህ ስትጽፍለት ቁጥር ይመልስልሃል። አይበላ፣ አይጠጣ፣ አማች የለው፣ የክርስትና ልጅ የለው። ከዚህ የበለጠ ዳኛ ከየት ይመጣል? አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። አሥራ ሁለት ሰው፣ ባለ አሥራ ሁለት ፊት ዳይስ። ልክ ለኛ ብለው የጠረቡት መስሎኝ ነበር።

ቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ተራ ይሁን ተባለ። አያ ሲሳይ አንድ፣ አያ ጌጡ ሦስት። የኔ ሰባት፤ ማለቴ የአባቴ። አባቴ ነው ሰባተኛ ሆኖ የተመዘገበው፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቦታው ከነዳማ ለኔ ቀረ። እናቴም እኔም የምንኖረው በዚያች ቦታ ነው። ይቺንም ያዙልኝ።

መጀመሪያ ቀን አሥር ወጣ። አሥር ቁጥር እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ በየዙሩ ምልክታቸው መጨረሻ ላይ ስትወጣ የኖረች ሽማግሌ ናቸው። ኧረ ምርቃቱ! «የአባትህን አልጋ አያፍርስብህ! ስልክህን ከሌባ ይጠብቅልህ!» አያ ሲሳይ እንኳን ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው «እፎይ፣ አሁን ለፀሐይ ዋለችልኝ» አሉ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

ሁለተኛው እንግዳ መጣ። ጣል 12። ሰባት። እኔ ነኝ። ደስ አለኝ፣ ሰው ነኝ።

ሦስተኛው እንግዳ መጣ። ጣል 12። ሰባት።

አሁን ዳዊት፣ ያኔ ወይራው ሥር አንተ አልነበርክም። በቅሎዎቹ ሳይቀሩ ማኘክ አቆሙ። እኔ ራሴ ደንግጬ «ይሄ አይቆጠርም፣ ድጋሚ ልጣል» አልኩ። አያ ጌጡ ብድግ አሉ። «እጣ ሁለቴ ይጣላል እንዴ አንተ ልጅ? ደስ ያላለህን እየመለስክ ልታስጥለን ነው?» አሉ። ድንጋይ አሙቀው የኖሩ ሰውዬ! «እሺ፣ ተራዬን ለአያ ጌጡ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ይሄን ጊዜ ደግሞ አያ ሲሳይ ተቆጡ። «እጣ አይሰጥም። የሰጠህን መልሰህ ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ነው?» ጣታቸውን ወደ ሰማይ እየቀሰሩ። ምን ላድርግ? ጫንኩ፣ ወጣሁ። ያን ዳገት ስወጣ ጀርባዬ ላይ ሃያ ሁለት ዐይን ተጭኖ ነው የወጣሁት፤ እንግዳው በዳማ፣ ዐይኑ በኔ።

አራተኛው እንግዳ የመጣ ቀን እኔ አልጣልኩም። «እርስዎ ይንኩት» ብዬ ስልኩን ለአያ ሲሳይ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው እየፈሩ፣ እንደ ጋለ ምጣድ ነካ አደረጉት።

ሰባት።

ያንንም እንግዳ ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገውን ስነግራችሁ አትሳቁ። ማለቴ ሳቁ፤ እኔ ነኝ የማልስቀው። «ይመርመር» ተባለ። እንግዳ በሌለበት፣ ሥራ ፈትተን፣ ለምርመራ ብቻ ጣልን። ሦስት ወጣ። አያ ጌጡ እመር ብለው «ይሄማ ልክ ነው! ዳነ እኮ!» አሉ። ለሳቸው ሲወጣ ዳነ፣ ለኔ ሲወጣ ታመመ። ከዚያ አንዱ «እሱ ራሱ ይጠየቅ» አለ። ማን? ቦቱ። «ማል በለው» አሉኝ። ኧረ ተዉ እሱ አይምልም ብል ማን ሰምቶኝ። ጻፍኩለት፦ «ማል»። ቦትህም መለሰ፦ «ትእዛዙ አልገባኝም። ስንት ፊት?»

በቃ! «አያችሁ!» አሉ አያ ሲሳይ። «ሲያወጣ ሁሉን ያውቃል፣ ሲጠየቅ አልገባኝም! ይሄ የሌባ መልስ አይደለም?» ደግሞ «ስንት ፊት» ማለቱን አንዳንዶቹ እንደ ስድብ ቆጠሩት።

እኔ መቼም ስናደድ ነው የማስበው፤ ያን ቀን ብዙ አሰብኩ። የአያ ጌጡን ሌብነት ለምን ሳቅንለት? ስለገባን ነው። ብብት ያለው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲያውም «ምነው እኔ ቀድሜ ባሰብኳት» ያላለ አልነበረም። የሚታወቅ ሌባ የቤት ሌባ ነው፤ ትቆጣዋለህ፣ ትስቅበታለህ፣ በበነጋው ሰላም ትለዋለህ። ይሄ የማይታየው ነገር ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳን ንጽሕናውን በምን ያሳየናል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚሉት ወደው አይደለም። እኔ ደግሞ የማላውቀውን መልአክ በኪሴ ይዤ ገብቼ፣ የሚያውቁትን ሰይጣን አስባረርኩባቸው።

ኋላ አያ ሲሳይ ፈረዱ። «ነገሩ በመሐላ ይለቅ። ነአኩቶ ለአብ ወርደህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመህ፣ ‹አላዳላሁም፣ አልተዳላልኝም› ብለህ ማል። ከማልክ ወንድማችን ነህ፣ አፋችንን እንይዛለን። ካልማልክ የአባትህን ቦታ ልቀቅ።» ቦታው ከተለቀቀ ዳማ ገበያ ወጣች ማለት ነው። ዳማ ገበያ ከወጣች እናቴ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ማልና ተገላገል፤ አንተ እንደሆን ለቲማቲም ዋጋ ማርያምን የምትል ሰው ነህ» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ እላለሁ። ሁላችንም እንላለን። ግን የላስታ ሰው ሁለት መሐላ እንዳለው እኔ ልንገራችሁ? አንዱ የአፍ ነው፤ እንደ ጨው ለወሬ ማጣፈጫ ጣል የምታደርገው። ሌላው የደጅ ነው። የደጁን የማለ ሰው፣ በሐሰት ከሆነ፣ ላሙ ስትነጥፍ፣ ልጁ ሲያስነጥስ፣ ጣራው ሲያፈስ፣ አገር ሁሉ ወደሱ ያያል። አንተም ራስህ ወደ ራስህ ታያለህ። ያ ነው የሚከፋው።

ቢሆንም አልፈራሁም። አልነካሁማ! ትናንት በጠዋት አሥራ ሁለታችንም ወረድን። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። መምሬ ታደሰ፣ የብዙዎቻችን ነፍስ አባት፣ ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁን። ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ስልኩንም አዩት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«እኔ ሰውን ማል ብዬ አላውቅም» አሉ። «መሐላ እሳት ነው። ግን ራስህን ጠይቅ ልጄ። እጅህ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው መምሬ።»

«የዚህስ እጁ?»

«እጅ የለውም መምሬ።»

«እጅ ከሌለው በማን እጅ ነው የሚጥለው?»

«የሠራው ሰው አለ፤ ዳዊት ይባላል።»

«እሱስ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «‹አልተዳላልኝም› ልትል ነው እኮ። ለሱም ትምልለታለህ?»

«አዎ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ቀረሁ።

ዳዊት፣ አሁን ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። እስካሁን የጮህኩት እዚህ ላለመድረስ ነው መሰለኝ።

አፌን እንደከፈትኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት፣ ጨዋታው ላይ፣ ነጋዴዬ ተከዜን ሲሻገር ሞተ። አንድ ወጣበት። ሌላ ነጋዴ ፈጠርኩ፤ እሱም ሞተ፣ በሽፍታ። ሦስተኛውን ሠራሁ፣ ገና ከቤቱ ሲወጣ በቅሎ ረገጠችው። በቅሎ! እኔን! እናንተ ስትስቁ እኔ ለብቻው ለዳዊት ጻፍኩለት። ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅሁት። «ይሄ ቦትህ ጠምዶኛል፤ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ለኔ ትንሽ ይዘንልኝ» እያልኩ። ዳዊትም በመጨረሻ ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ አንዲት መስመር ላከልኝ፦ «ተረጋጋ፣ አስተካክዬልሃለሁ።» ከጎኗ የሚስቅ ፊት አለባት። እንባው እስኪፈስ የሚስቀው።

እኔም ቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ነጋዴዬ አንድም ቀን አልሞተም። ሽፍታ ያመልጣል፣ ጎርፍ ይሻገራል፣ ጅብ ይሸሸዋል። እኔ ደግሞ ሞኙ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር! «ጨዋታው ገባኝ» እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ!

እና ደጁ ላይ፣ መምሬ ፊት፣ አሥራ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ፣ ያቺ የምትስቅ ፊት መጣችብኝ። «እሁድ» አልኩ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልማል።»

ወዲያው ከኋላዬ አንድ ሰው ምላሱን መጠጠ። አያ ጌጡ ደግሞ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ አገር እንዲሰማ፣ «ንጹሕ ሰው ቀጠሮ አይጠይቅም!» አሉ። መምሬ ብቻ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ያልማለ አልተቃጠለም፣ ሂድ አጣራ» አሉኝ። ሌላው ሰው ግን ሽቅብ ሲመለስ ከኔ ጋር የሄደ የለም። ዳማና እኔ ብቻ ነን የመጣነው። እሷም ቀድማኝ ነበር።

አሁን ያለሁበትን እዩልኝ። ነክተኸው ከሆነ፣ ሳላውቅ ሌባ ነኝ፤ ከነዚያ ሽማግሌዎች አፍ ሦስት ጊዜ ነጥቄያለሁ፤ ብምል ደግሞ በሐሰት ምያለሁ። ካልነካኸው፣ ንጹሕ ሆኜ ደጅ ላይ የተንተባተብኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ። ሁለቱም አያምርም፤ ግን በሁለተኛው ቢያንስ ዳማ ቤቷ ታድራለች።

ስለዚህ የሒሳብ ትምህርትህን ለራስህ ያዘው። የሚስቅ ፊት እንዳትልክልኝ፤ ብትልክልኝ ደሴ ድረስ እመጣለሁ። «ቆይ አየዋለሁ» እንዳትለኝ፤ ነገ ቅዳሜ ነው። እንደ ሰው፣ በገዛ ድምፅህ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙህ መልስልኝ፦ ያን ጊዜ «አስተካክዬልሃለሁ» ያልከኝ ስትቀልድ ነበር፣ ወይስ የእውነት እጅህን አስገብተህ ነክተኸዋል?